መምህር በምን ይመዘናል?

ሰው የሚበላውን እህል ሲገዛ ይጠነቀቃል። በእኛ በሐሙሲት ገበያ አንዲት እናት ጤፍ ስትገዛ እፍኝ ዘግና በመዳፏ ታሻለች፤ እፍ ብላ ገለባውን ታያለች፤ አፈርም እንዳለበት ትመረምራለች። የሻጩ ፈገግታ ወይም ቁጣ ዋጋውን እንዲወስንላት ፈጽሞ አትፈቅድም። የዘመኑ ተማሪ ግን አእምሮውን የሚመግበውን መምህር ሲመዝን ብዙ ጊዜ የሚያየው ፊቱን ነው፤ እህሉን አይደለም። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው ነገር ነው።

ባለፈው ክረምት ቀድሞ ያስተማርኋቸው ሁለት ልጆች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሊጠይቁኝ ወደ ቤቴ መጡ። ሁለቱም በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ ክፍል፣ ከአንድ የፍልስፍና መምህር ተምረዋል። አቦሉ ሳይቀዳ ክርክር ጀመሩ።

ወንዱ፣ «ጋሼ፣ ያ ሰው ዓይኔን አበራልኝ። ከእርሱ በፊት የሰማሁትን ሁሉ አምን ነበር፤ አሁን ግን ‘ለምን?’ ማለትን ተምሬአለሁ» አለ።

ልጅቱ ግን፣ «ጋሼ፣ አይስሙት። ሰውየው ገብቶ ያወራል፣ ይወጣል፤ ማስታወሻ አይሰጥም። ሲጠይቁት በጥያቄ ይመልሳል። በዕድሜዬ ሲ የሰጠኝ እርሱ ብቻ ነው» አለች። ጥቂት ዝም ካለች በኋላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ቀን ያልገባኝን ብጠይቀው በጓደኞቼ ፊት አሣቀብኝ። ከዚያ ወዲህ በማንም ክፍል እጄን አላወጣሁም» ስትል ጨመረች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከሁለቱ ማንኛቸው እውነት ተናገሩ? ፍርድ ለመስጠት የሚቸኩሉ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። የፊተኞቹ «ጥሩ መምህር ማለት ተማሪው የሚወደው፣ ማስታወሻ የሚያድል፣ ማርክ የማይሰስት ነው፤ እንግዲያውስ ሰውየው መጥፎ ነው» ይላሉ። የኋለኞቹ ደግሞ «ፍልስፍና ለሁሉ አይደለም፤ ያልገባው ሰነፍ ነው፤ የሰነፍም አቤቱታ አይሰማም» ይላሉ። እኔ ሁለቱንም ወገኖች እቃወማለሁ።

በፊተኞቹ ልጀምር። የፍልስፍና መምህር በተማሪ ውዴታ የሚለካ ቢሆን ኖሮ የአቴናው ሶቅራጥስ ከሁሉ ያነሰ መምህር በተባለ ነበር። ገና በሕይወት ሳለ፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ423 ዓመት፣ አሪስቶፋንስ «ደመናት» በተባለው ተውኔቱ በሕዝብ ፊት መሣቂያ አደረገው። በ399 ዓመትም «ወጣቶችን ያበላሻል» ተብሎ ተከሰሰና መርዝ ጠጥቶ ሞተ። ከእርሱ ዘንድ ይውሉ ከነበሩት ወጣቶች ፕላቶንና ዜኖፎን እስከ ሞታቸው አከበሩት፤ ክሪቲያስ ግን ከሠላሳዎቹ ጨካኝ ገዢዎች አንዱ ሆነ፤ አልኪቢያዴስም ለጊዜው ወደ አገሩ ጠላቶች ወደ እስፓርታ ተሻገረ። መምህሩ አንድ ነው፤ የተማሪዎቹ ፍሬ ግን እንደየመሬታቸው ተለያየ። የአዳራሽ መሙላትም ሚዛን ሊሆን አይችልም። በ1820 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሾፐንሃወር የሚያስተምርበትን ሰዓት ሆን ብሎ ከታዋቂው ከሄግል ሰዓት ጋር አገጣጠመው። የሄግል አዳራሽ ሲሞላ ወደ እርሱ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ግን ዓለም የሁለቱንም መጻሕፍት ያነባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ከሐሙሲት ተነሥቶ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ እንፍራዝን ያልፋል። «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው መምህር ዕድሜውን ያሳለፈው በእንፍራዝ ነው። ወደዚያ ከመምጣቱ በፊት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት የካቶሊክና የተዋሕዶ ክርክር አገሪቱን ሲያናውጣት፣ በአክሱም መጻሕፍትን ይተረጉም ነበር። ሲያስተምርም ፈረንጆች የሚሉትንና ግብጻውያን የሚሉትን ጎን ለጎን ያቀርብ ነበር እንጂ ለአንዱ አያደላም። በዚህ ምክንያት ሁለቱም ወገኖች ጠሉት፤ ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ሰውም በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። እርሱም ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ፤ ከዚያም በእንፍራዝ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ ተቀበለውና ልጆቹን እንዲያስተምርለት አደረገው። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ወልደ ሕይወት የመምህሩን ነገር በልቡ አኑሮ፣ እርሱም በተራው የራሱን ሐተታ ጻፈ። እነሆ፣ በአንድ ከተማ ያስከሰሰው ትምህርት በሌላ ከተማ ደቀ መዝሙር አፈራ።

እርግጥ ነው፣ ስለዚህ መጽሐፍ ደራሲ ክርክር አለ። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «መጽሐፉን የደረሰው በ19ኛው መቶ ዓመት በቤጌምድር የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው» ሲል ጻፈ። ከ1953 ጀምሮ በአዲስ አበባ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ክላውድ ሳምነር ደግሞ፣ ከ1974 እስከ 1982 ባሳተሙት ባለ አምስት ቅጽ ሥራቸው ውስጥ ይህን አስተያየት ተቃውመው ለዘርዐ ያዕቆብ ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላበቃም። ታዲያ ይህን የምነግርህ ለምንድን ነው? አንዱን ወገን ብቻ ነግሬህ ባልፍ ኖሮ ማስታወሻህ አጭርና ለፈተና የሚመች ይሆንልህ ነበር፤ ነገር ግን ባታለልሁህ ነበር። ሁለቱንም ስነግርህ ግን ሥራ ሰጠሁህ። የፍልስፍና መምህር «ቁርጡን አይነግረንም» ተብሎ ሲታማ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልናዘዝ ማለፍ አይገባኝም። እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የሃይማኖት ትምህርት የምናጠናው ጥያቄውም መልሱም አብሮ ከታተመበት ትንሽ መጽሐፍ ነበር፤ የእኛም ሥራ መልሱን ሳናዛንፍ መመለስ ነበር። ንባብን፣ ንጽሕናንና ሰዓት ማክበርን ያስተማሩኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ፤ ዳሩ ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ መጠየቅ እንደሚቻል አልነገሩኝም። እኔም መምህር በሆንሁ ጊዜ ያንኑ አደረግሁ። ሰሌዳውን በጠመኔ ሞላሁ፤ ልጆቹ ገለበጡ፤ በፈተናም ያንኑ መልሰው ሰጡኝ፤ «ጎበዝ» አልኋቸው። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ይህች ልጅ ናት። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መልስ ስንመግባት ኖረን፣ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ጥያቄ ብቻ የሚያቀርብ ሰው ቢገጥማት፣ «ምንም አላስተማረኝም» ማለቷ የእርሷ ጥፋት ብቻ ነውን? ዛሬ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሎጂክና የክሪቲካል ቲንኪንግ ትምህርት ይሰጣቸዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ከታች ጀምሮ ያላስለመድነውን ጡንቻ በአንድ መንፈቅ ሸክም ልናሸክመው እንሻለን።

በአገራችን ፍልስፍና ራሱ መልሱ አስቀድሞ ታትሞ የተሰጠበት ዘመንም እንደ ነበረ አይዘነጋ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ማርክሲዝም ሌኒኒዝም በዩኒቨርሲቲ የግድ ትምህርት ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ መደምደሚያው አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የሚጠና ጽሑፍም አልጠፋም። የጠፋው «ይህ ባይሆንስ?» የሚል ሰው ነው። ስለዚህ ማስታወሻ የተሟላለት ትምህርት ሁሉ ትምህርት ነው ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ኋለኞቹ፣ «ያልገባው ሰነፍ ነው» ወደሚሉት ልመለስ። እነዚህ ከፊተኞቹ ይልቅ አደገኞች ናቸው፤ ስንፍናቸውን በጥልቀት ስም ይሸፍናሉና። የደፈረሰ ውኃ ሁሉ ጥልቅ አይደለም። ሳይዘጋጅ የገባ መምህር፣ የተማሪውን ጽሑፍ ሳያነብ ማርክ የሰጠ መምህር፣ የራሱን ነገር ግልጽ ማድረግ ያቃተው መምህር «ፍልስፍና ከባድ ነው» እያለ ሊያመልጥ አይገባውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የልጅቱ የመጨረሻ ቃል ነው። ስለ ማስታወሻውና ስለ ሲው ያለችውን እኔ አልቀበልም፤ የመሣቂያነቷን ነገር ግን እንደ ከባድ ክስ እቆጥረዋለሁ። ሶቅራጥስም ሰውን ያሳፍር ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያሳፈረው ማንን እንደ ሆነ እንመልከት። ያሳፈረው «ሁሉን አውቃለሁ» የሚሉትን ሹማምንትና ዝነኞች ነው። ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው መጽሐፉ እንደሚያሳየን፣ ትምህርት ያልቀመሰውን ብላቴና ባሪያ ግን መሬት ላይ ሥዕል እየሣለ፣ ሲሳሳትም እየታገሠ፣ በጥያቄ እጁን ይዞ ወደ መልሱ ያደርሰዋል። በትዕቢተኛው ላይ የበረታ፣ በሚማረው ዘንድ ገር ነበር። ይህን ገልብጦ ለባለሥልጣን አጎንብሶ በአንደኛ ዓመት ተማሪ ላይ የሚሥቅ ሰው ከሶቅራጥስ የወረሰው ጢሙን ብቻ ነው።

እኔ የቅኔን ቤት የማውቀው ከደጅ ነው፤ ከውስጥ አልተማርሁበትም። ሆኖም የጎጃም የቅኔ ተማሪዎች ሲናገሩ እንደ ሰማሁት፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያፈርስበታል፤ ካፈረሰው በኋላ ግን እንዴት እንደሚቃና ያሳየዋል። ማፍረስ ብቻውን ማስተማር ቢሆን ኖሮ ጎርፍ ከሁሉ የበለጠ መምህር በሆነ ነበር።

እንግዲህ ሚዛኑ ምንድን ነው? በመንፈቁ መጨረሻ የመምህር መመዘኛ ቅጽ ሲሰጥህ፣ በማርክህ ተቆጥተህ አትበቀልበት፤ በማርክህ ተደስተህም አትሸንግልበት። ሦስት ነገር ብቻ ራስህን ጠይቅ። አንደኛ፣ ከዚህ ሰው ዘንድ ከገባሁ ወዲህ ቀድሞ ሳልመረምር የማልፈውን መመርመር ጀምሬአለሁን? ሁለተኛ፣ ከእርሱ የተለየ አሳብ በማስረጃ ባቀርብ ይሰማኛልን? ሦስተኛ፣ ከእኔ ይልቅ የደከመው ጓደኛዬ በዚህ ክፍል ያለ ፍርሃት መጠየቅ ይችላልን? ለሦስቱም «አዎን» ካልህ፣ ሲ ቢሰጥህም እንኳ መምህር አግኝተሃል። ለሦስቱም «የለም» ካልህ ግን፣ ኤ ቢሰጥህም ወርቅ ለከፈለው ዕድሜህ የተመለሰልህ ጠጠር ነው።

በዚያን ቀን በዚሁ ሚዛን ለሁለቱ ልጆች ፈረድሁላቸው። ወንዱን፣ «ዓይንህ ከበራ ለምን የጓደኛህን መጨለም ሳታይ ቀረህ? ሲሣቅባት አንተም አብረህ አልሣቅህምን?» አልሁት። አንገቱን ደፋ። ልጅቱንም፣ «መምህርሽ በድሎሻል፤ እኔም ከእርሱ በፊት በድዬሻለሁ፤ በሰሌዳዬ ላይ መልስ እንጂ ጥያቄ ጽፌልሽ አላውቅምና። ነገር ግን ዝም ብትዪ ሦስተኛዋ በዳይ አንቺው ትሆኛለሽ። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገራችን ሰው» አልኋት።

ልጅቱ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «ጋሼ፣ እሱስ ይሁን፤ ግን ደግሞ ቢሥቁብኝስ?» አለችኝ።

ከተለያየን ወዲህ ስንፈልገው የነበረው እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። መልሱንም ለእርሷ ብቻ ልተወው አልፈልግም፤ አብረዋት ለሚቀመጡት ሁሉ እሰጠዋለሁ። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጓደኛህ እጇን ስታወጣ አትሣቅ፤ የሚሥቅ ካለም «እኔም አልገባኝም» ብለህ ከጎኗ ቁም። የፍልስፍና ክፍል የሚከፈተው በመምህሩ መልካምነት ብቻ አይደለም፤ በተማሪዎቹም መተባበር ነው።