ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

አሜሪካ ያለችው ልጄ በዚህ ክረምት ልጆቿንም እኔንም ይዛ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዩኒቨርሳል የመዝናኛ ፓርክ ልትሄድ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የልጅ ልጄ የሃሪ ፖተር ፊልም ወዳጅ ነው። በደወለ ቁጥር «እማማ፣ ባቡሩ ላይ ከጎኔ ትቀመጫለሽ አይደል?» ይለኛል። «አዎ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ «እማዬ፣ በቀን አንድ ፓርክ ብቻ የሚያስገባው ቲኬት ይረክሳል፤ ሁለት ቀን እንሄዳለን» አለችኝ። ካርታውን አብረን አየነው። ባቡሩ የሚያገናኛቸው ሁለቱ የሃሪ ፖተር መንደሮች ለካ በተለያዩ ፓርኮች ውስጥ ናቸው። ሆግስሚድ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ዳያጎን አሊ በ2014 ተከፈቱ። በ2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስም ሌላ የሃሪ ፖተር ክፍል አለው፤ ባቡሩ ግን እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለቱንም ፓርኮች የሚያስገባ ቲኬት የሌለው ሰው ባቡሩ ላይ አይሳፈርም። ጉዞው አራት ደቂቃ ገደማ ቢሆንም፣ በመስኮቱ የሚታየው በመሄጃውና በመመለሻው ይለያያል። ለእኔ ጉልበትም እረፍት ነው።

ገንዘቡ ለሁሉም አልበቃም። ሁለተኛውን ቀን ሰርዘን፣ ሁለቱን ፓርኮች በአንድ ቀን ለማየት ወሰንን።

ወላጆችና አያቶች፣ መጀመሪያ ልጁን የሚናፍቀው ምን እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያ ያ ነገር የት እንዳለ ካርታው ላይ ፈልጉ። ቲኬቱን በመጨረሻ ቁረጡ። የክረምቱ ሙቀት ብርቱ ነውና ውሃና ባርኔጣ አትርሱ።