ድረ ገጽም ኪራይ አለው

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ የሚከራይ ነጋዴ ውሉን ሳያይ ቁልፍ አይረከብም፤ ኪራዩ መቼ እንደሚጨምር፣ የመብራቱ ሒሳብ በማን እንደሆነ አጥብቆ ይጠይቃል። ይኸው ሰው ለድረ ገጹ ማሳረፊያ ሲከራይ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ «በዓመት ስንት?»

የውጭ ኩባንያዎች በትልቁ የሚጽፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ውል ብቻ ነው፤ ሲታደስ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ክፍያውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ የሰርቨር ኪራይም በብር ሲታሰብ አብሮ ወጣ።

ስለዚህ ደንበኛው እዚሁ አዲስ አበባ ለሆነ ነጋዴ በብር የሚከፈልበትን የአገር ውስጥ ማሳረፊያ እመርጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ በእርግጥ የሚነሣ ከሆነ ማለቴ ነው። ለዲያስፖራ የሚሸጥ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ውጭ ያረፈ ድረ ገጽ ለዋሽንግተን ገዢ ክፍት ነበር፤ ትእዛዙን ማየት ያቃተው እዚህ የተቀመጠው ሻጭ ነው።

ገበያው ሳይደራ ትልቅ ሰርቨር መከራየት ባዶ መጋዘን ማስጠበቅ ነው። በትንሹ ተጀምሮ፣ የፋሲካ ሰሞን ሲመጣ በአንድ ቀን ወደ ሰፊው መዛወር ይቻል እንደሆነ፣ በስንት እንደሆነም በጽሑፍ ይያዝ። ዶሜይኑም በባለ ሱቁ ስም ይመዝገብ እንጂ በሠራው ልጅ ስም አይሁን። ልጁ ሥራ የቀየረ ዕለት የሱቁ ስም አብሮት ይሄዳል።