የጡት እብጠት፦ የምትዘገየው እናቲቱ ናት ወይስ እኛ?



በየዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ ሮዝ ሪባን ደረታችን ላይ እንሰካለን፣ «እናቶች ቶሎ ተመርመሩ» እንላለን፤ ወሩ ሲያልቅ ሪባኑም ይወልቃል። እኛ ሐኪሞች «ሴቶቻችን ዘግይተው ስለሚመጡ ነው የሚሞቱብን» ማለት ይቀናናል። ውሸት አይደለም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የምንናገረው። የቀረውን ግማሽ ዛሬ ከራሴ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ጎፋ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ ተቀጥሬ ስሠራ፣ አንዲት የ34 ዓመት እናት መጣች። ጀበና ቡና እየሸጠች ነው የምትኖረው። የስምንት ወር ልጇን አዝላ የመጣችው ለልጁ ሳል ነበር። መድኃኒቱን ጽፌ ከሰጠኋት በኋላ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና፣ «ዶክተር፣ ግራ ጡቴ ላይ ባቄላ የሚያህል ነገር አለ። አያመኝም ግን» አለችኝ። ዳሰስኩት። ውጭ ወረፋው ረጅም ነበር። «እያጠባሽ ነው አይደል? የወተት ነው፣ አይዞሽ። በሞቀ ጨርቅ ያዥበት» ብዬ ሸኘኋት።

በሰባተኛው ወር ስትመለስ ባቄላው ሎሚ አክሎ ነበር። ብብቷ ሥርም ሌላ እብጠት ወጥቷል። ደረጃ ሦስት ነበር። ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ችላ ጨረሰች፣ ሦስት ዓመት ኖረችና አረፈች። የመጀመሪያውን ቀን ብልካት ኖሮ ትድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። ዕድሏ ግን በጣም የተሻለ ይሆን ነበር። ይህች እናት አልዘገየችም፤ እብጠቱ ባቄላ ሳለ ነግራኛለች። የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ዝም እል ነበር። ግን አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ400 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ያነጋገረ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ሴቶቹ ምልክቱን ካዩበት ቀን ጀምሮ ጤና ተቋም እስኪሄዱ የወሰደባቸው ጊዜ፣ መካከለኛው ሲታይ፣ 30 ቀን ነው። ጤና ተቋም ከረገጡ በኋላ በናሙና ተረጋግጦ «ካንሰር ነው» እስኪባሉ ድረስ ግን 69 ቀን! እርግጥ ነው፣ ከሦስቱ አንዷ ያህል ከሦስት ወር በላይ ቤቷ ቆይታለች፤ ይህንንም አልሸሽግም። ቢሆንም አብዛኛው ጊዜ የባከነው ከደጃችን ከገቡ በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም አገር ያስቀመጠው ግብ፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለሙያ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ሁሉ እንዲጠናቀቅ ነው።

69ኙ ቀን የት ይሄዳል? አንዲት የጎፋ እናት ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። «ማስታገሻ ውሰጂና ከወር በኋላ ነይ» ትባላለች። ከወር በኋላ ሪፈር ይጻፍላታል። ሪፈሩን ይዛ በሜክሲኮ በኩል በታክሲ ትልቅ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ይሰጣታል። ቀጠሮው ሲደርስ ልጁ ያተኩሰዋል፣ ትቀራለች። ወይም ከእቁብ ተበድራ የግል ትሠራለች። ከዚያ ናሙና ነው፣ ከዚያ የናሙናው ውጤት፣ ከዚያ «ይህ አይበቃም፣ ሌላ ወፈር ያለ ናሙና ያስፈልጋል»። በእያንዳንዱ ቦታ የታክሲ አለ፣ የካርድ አለ፣ ልጅ የሚይዝላት ሰው መፈለግ አለ። በመሃል ተስፋ ቆርጣ ብትጠፋ «ዘግይታ መጣች» ብለን ካርዷ ላይ የምንጽፈው እኛው ነን።

ጉዳዩ ትንሽ አይደለም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት፣ በዓመቱ ከ16 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በበሽታው ተይዘዋል፣ 9 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሴቶች ተጠንተው ደግሞ ግማሽ ያህሉ ከ43 ዓመት በታች ሆነው ተገኝተዋል። እብጠታቸው በአብዛኛው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። በደረጃ አንድ የተገኙት ከመቶ 4 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 71ዱ ደረጃ ሦስት ወይም አራት ላይ ነበሩ።

43 ዓመትን ልብ በሉልኝ። አሜሪካ ያለች እህታችሁ «እኔ በየዓመቱ ማሞግራም እነሳለሁ፣ እናንተ አገር ለምን የለም?» ብላችሁ ይሆናል። ማሞግራፊ ጥሩ ምርመራ ነው። ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነና አቅሙ ካላችሁ፣ በተለይ እናታችሁ ወይም እህታችሁ በዚህ በሽታ ተይዛ ከነበረ፣ ሐኪም አማክራችሁ ተነሱ። ነገር ግን የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ እብጠቱ በማሞግራም ላይ ሊሸፈን ይችላል። አንዲት የ32 ዓመት እናት እጇ ላይ የሚሰማትን እብጠት ማሞግራም አላሳየም ተብሎ ጉዳዩ መዘጋት የለበትም። ስለዚህ «ማሽን ይገዛልን» የሚለውን ጩኸት ብቻ አልደግፍም። የመጀመሪያው ብር መዋል ያለበት ለሠለጠነ እጅ፣ ለአልትራሳውንድና ለናሙና መርፌ ነው ባይ ነኝ።

የሠለጠነ እጅ ስል ቀልዴን አይደለም። ሕንድ ሙምባይ ውስጥ 150 ሺህ ያህል ሴቶች ለ20 ዓመት የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር። የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ ጡታቸውን በእጅ ይመረምሩላቸው ነበር። ካንሰሩ ቀደም ባለ ደረጃ መገኘት ጀመረ፤ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ በጡት ካንሰር መሞት በ30 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ላይ የሞት ቅነሳው በግልጽ አልታየም። ለዚህም ነው ለወጣቶቹ ዳሰሳው ብቻውን አይበቃም፣ ፍጥነቱ ይታሰብበት የምለው።

አሁን ወላጆች ሆይ፣ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ልጃችሁን ለክትባት በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር ትወስዳላችሁ። አምስት ጊዜ! ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ይጻፋል። እናቱን «ጡትሽ ላይ እብጠት አለ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አለ? ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያደርጋሉ፤ በዚያው አልጋ ላይ ጡትን መዳሰስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፣ አዲስ በጀት የሚባልም አይደለም። ባለሙያው ካልጠየቃችሁ እናንተ ጠይቁ፤ «ጡቴንም እዩልኝ» ማለት አያሳፍርም።

እስከዚያው ቤታችሁ ሆናችሁ የምታውቁት ይኑራችሁ። አዲስ ጠጠር ያለ እብጠት፣ በጡት ወይም በብብት። ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተሰረጎደ ቆዳ፣ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል። «አያመኝም» ብላችሁ አትጽናኑ፤ ካንሰሩ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። ደግሞም አትደንግጡ፣ ከጡት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። የምታጠቡ እናቶች፣ የወተት ከሆነ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሟሟል። ካልሟሟ፣ ወይም «ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ የተሰጣችሁን መድኃኒት ጨርሳችሁ መቅላቱና እብጠቱ ከቀጠለ፣ ተመልሳችሁ «አልትራሳውንድ ጻፉልኝ» በሉ። ሐኪሙ ቢከፋው ይከፋው። ወንዶችም ብትሆኑ ከጡታችሁ ጫፍ ሥር እብጠት ካገኛችሁ ታዩ፤ እናንተንም ይይዛል፣ ከመቶ ታማሚ አንዱ ገደማ ወንድ ነው።

እኔ ከዚያች እናት በኋላ ልማዴን ቀይሬያለሁ። እብጠት ያላት ሴት ስትመጣ ስልኳን እመዘግባለሁ፤ በ14ኛው ቀን የናሙናዋ ውጤት ካልደረሰኝ እደውላለሁ። በቅርቡ አንዷን ስደውልላት «ዶክተር፣ መርፌ ከነካው ይበተናል ብለውኝ ቀረሁ» አለችኝ። ጎረቤት ነው የነገራት፣ ለደግ አስቦ። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን ቀስቅሶ ሰውነት ውስጥ አይበትነውም። እብጠቱ ምን እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራለት የሚታወቀው በናሙና ነው። በጥቁር አንበሳው ጥናት ከመቶ 65ቱ ሆርሞን የሚቀበል ዓይነት ነበራቸው፤ ይህ ዓይነቱ ደግሞ እንደ ታሞክሲፈን ባለ፣ ዋጋው ብዙ በማይከብድና በአፍ በሚዋጥ ክኒን ይታገዛል። ይህን ሁሉ በስልክ ነገርኳት። «ባለቤቴንም ይንገሩልኝ» አለችና ስልኩን ሰጠችው። ለእሱም ደግሜ ነገርኩት። ሐሙስ ጠዋት አብረው መጡ።