ወንፊቱን የያዘው ማን ነው?

በቅርቡ በተማሪዎች ማኅበሮቻችን ስብሰባዎች ስለ ምርጫ ሥርዓት በተነሣው ክርክር ሁለት ወገኖች ተሰልፈው አይተናል። አንደኛው ወገን፣ «አገራችንን የጎዳት ባንድ ዙር የሚያልቅ የአብላጫ ድምፅ ምርጫ ነው፤ እንደ አሜሪካኖች ክፍት ማጣሪያ፣ እንደ ፈረንሣዮች የመለያ ምርጫ ቢኖረን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ገዢው ክፍል በቦታው እስካለ ድረስ የካርዱ አጣጣል ቢለዋወጥ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይድለታል?» ብሎ ያጣጥላል።

እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። የመጀመሪያው ደንብን እንደ ጠበል ያየዋል፤ ሁለተኛው ደንብን እንደ ገለባ ይንቀዋል። ሁለቱም ያልጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕዝቡ ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ስሞቹን የሚያበጥረው፣ ወንፊቱን የያዘው ማን ነው?

አስቀድመን ነገሩን እናብራራ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) 100 መራጮችና ሦስት ዕጩዎች አሉ እንበል። አንዱ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ድምፅ ቢያገኙ፣ በአብላጫ ድምፅ ደንብ 60 ሰው ያልመረጠው ባለ 40 ያሸንፋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 ለተወካዮች ምክር ቤት የደነገገው ይህንኑ ነው። የመለያ ምርጫ ባለበት አገር ግን ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ እንደገና ይቀርባሉ፤ 25ቱም ሰዎች ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ይጠየቃሉ።

ማጣሪያ ምርጫ የሚባለው ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ነው። ዝግ ከሆነ የፓርቲው ተመዝጋቢዎች ብቻ የፓርቲውን ዕጩ ይመርጣሉ። ክፍት ከሆነ ማንኛውም መራጭ በመረጠው ፓርቲ ማጣሪያ ገብቶ ድምፅ ይሰጣል። ከዚህም ያለፈ ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ የሁሉም ፓርቲ ዕጩዎች ባንድ ወረቀት ላይ ይሰፍሩና ሁለቱ ቀዳሚዎች፣ ያንድ ፓርቲ ሰዎች ቢሆኑም እንኳ፣ ወደ መጨረሻው ዙር ያልፋሉ። ካሊፎርኒያ በ2010 በሕዝበ ውሳኔ የተቀበለችው ይህን ነው።

አሁን ደንብን እንደ ገለባ ለሚንቁት ወንድሞቻችን መልስ እንስጥ። በደቡብ አሜሪካ ክፍላተ አገር ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚገዛው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ብቻ ነበር። በማጣሪያው ያሸነፈ ሹመቱን አገኘ ማለት ነው፤ የኖቬምበሩ ምርጫ ለይስሙላ ነበር። ስለዚህ የቴክሳስ ገዢዎች በ1923 ጥቁሮች በዴሞክራቲክ ፓርቲ ማጣሪያ እንዳይገቡ በሕግ ከለከሉ። ፍርድ ቤት በ1927 ሕጉን ሲሽረው፣ «ፓርቲ የግል ማኅበር ነው፤ ደጁን ለማን እንደሚከፍት ራሱ ያውቃል» የሚል ክርክር ይዘው መጡ፤ በ1935ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ተቀበላቸው። የሂዩስተኑ የጥርስ ሐኪም ሎኒ ስሚዝ ከማጣሪያው ተባርሮ ከሰሰ፤ ቱርጉድ ማርሻልም ተከራከረለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነጮችን ማጣሪያ በ8 ለ1 ድምፅ የሻረው አፕሪል 3 ቀን 1944 ነው። እንግዲህ ደንቡ ገለባ ከነበረ፣ የቴክሳስ ገዢዎች ከ20 ዓመት በላይ ስለ ገለባ ሲሟገቱ ኖሩ ማለት ነውን? ጨቋኝ የሚጠብቀው የሚጠቅመውን ነው። እነሱ የመጨረሻውን ቀን ለጥቁሩ ቢተዉለት እንኳ የመጀመሪያውን ቀን ግን አልተዉለትም።

ደንብን እንደ ጠበል የሚያዩት ወንድሞቻችን ደግሞ የጆርጂያን ታሪክ ይመልከቱ። ዴንማርክ ግሩቨር የተባሉት የምክር ቤት አባል በጥቁሮች ድምፅ ምክንያት ወንበራቸውን ካጡ በኋላ፣ በ1963 ከግማሽ በላይ ድምፅ የማያስገኝ ምርጫ ሁሉ ወደ መለያ እንዲሄድ ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1964ም ሕግ ሆነ። ዘዴው ግልጽ ነው። የነጩ ድምፅ ለብዙ ዕጩዎች ተከፋፍሎ የጥቁሩ ድምፅ ባንድ ሰው ቢሰበሰብ፣ ያ ሰው በአብላጫ ሊያሸንፍ ይችላል፤ የመለያ ምርጫ ግን ለተከፋፈለው ነጭ መልሶ የሚሰበሰብበት ጊዜ ይሰጠዋል። ግሩቨር በዚያን ጊዜ የዘር መለያየት ደጋፊ እንደ ነበሩ ኋላ ራሳቸው አምነዋል። «ከግማሽ በላይ» የሚለው ያማረ ቃል የተጻፈው ግማሹን ሕዝብ ለማክበር ሳይሆን ሌላውን ለማገድ ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በኖቬምበር 2020 የሪፑብሊካኑ ሴናተር ዴቪድ ፐርዱ 49.7 ከመቶ አግኝተው ቀደሙ፤ በአብላጫ ደንብ ቢሆን አሸናፊ ነበሩ። ደንቡ ግን ወደ መለያ ወሰዳቸው፤ ጃንዩወሪ 5 ቀን 2021 በጆን ኦሶፍ ተሸነፉ። በዚያው ቀን ራፋኤል ዋርኖክ ከጆርጂያ የተመረጡ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኑ። ለዓመታት ቤት ለቤት እየዞሩ መራጭ ሲመዘግቡ የቆዩ ድርጅቶች፣ ጥቁሩን ለማገድ የተበጀውን መሣሪያ በጥቁሩ እጅ አስገቡት። ገዢዎቹ ምን አደረጉ? በዚያው ዓመት ሕጉን ለውጠው በሁለቱ ዙሮች መካከል የነበረውን ዘጠኝ ሳምንት ወደ አራት አወረዱት፤ በመካከል አዲስ መራጭ የሚመዘገብበት ጊዜ እንዳይኖር ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ ደንብ ለተደራጀ እንደሚያገለግል፣ ሰዓቱንና ቀኑን የሚቈርጠውም የወንፊቱን ቀዳዳ እንደሚያጠብ ነው።

ወንፊቱ ራሱ የሚያሳልፈውንም እንይ። በ1991 በሉዊዚያና አገረ ገዢነት ሁሉም ዕጩዎች ባንድ ወረቀት ቀርበው በሥልጣን ላይ የነበሩት ባዲ ሮመር ሦስተኛ ወጡ። ለመለያው የቀሩት በሙስና ስማቸው የተነሣ ኤድዊን ኤድዋርድስና የኩ ክሉክስ ክላን መሪ የነበረው ዴቪድ ዱክ ነበሩ። ሕዝቡ ክፉውን ሸሽቶ ኤድዋርድስን በ61 ከመቶ መረጠ፤ እኒሁ ሰው በ2000 በማስፈራራት ገንዘብ በመቀበል ወንጀል ተፈረደባቸው። በፈረንሣይ በ2002 በመጀመሪያው ዙር 16 ዕጩዎች ቀርበው የግራው ወገን ድምፅ ተበታተነ፤ ዣን ማሪ ለፔን በ16.86 ከመቶ ሊዮኔል ዦስፓንን 16.18 አስቀርተው አለፉ፤ ሠራተኛውም በመለያው ዣክ ሺራክን ለመምረጥ ተገደደ። በ2012 በካሊፎርኒያ 31ኛው የምርጫ ክልል አራት ዴሞክራቶች ድምፅ ተሻምተው ሁለቱንም ቦታ ሪፑብሊካኖች ያዙት፤ ያው ክልል ግን በዚያው ኖቬምበር ለፕሬዚዳንትነት ባራክ ኦባማን መረጠ። ብዙ የሆነው ወገን ስላልተስማማ ብቻ ከወረቀቱ ጠፋ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ነገር ግን ፓርቲ አልነበረም፣ ዕጩውም በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ወንፊቱ ርስት ነበር፤ ጭሰኛው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ፣ 547ቱንም ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ወንድሞቻችን «የመለያ ምርጫ ቢኖር ኖሮ» ይሉናል። በማንና በማን መካከል? ተወዳዳሪው አስቀድሞ ከታሰረ፣ ከተሰደደ ወይም ስብሰባ ከተከለከለ፣ ሁለት ዙር ቀርቶ አሥር ዙር ቢደረግ ምን ይጨምራል? እውነተኛው ምርጫ በፓርቲው ዝግ ክፍል ካለቀ፣ የሕዝቡ ሰልፍ እንደ ድሮው የቴክሳስ ኖቬምበር ይስሙላ ነው።

ሌላውን ስንወቅስ የራሳችንንም ጓዳ እንመርምር። በማኅበሮቻችን ስንቴ አስመራጭ ኮሚቴው ለሰባት ወንበር ሰባት ስም ይዞ መጥቶ እኛም እጃችንን አውጥተን ወደ ቤታችን ሄደናል? ስለ ሰፊው ሕዝብ መብት የሚጽፍ ብዕር በራሱ ስብሰባ ወንፊቱን ለሦስት ሰው ካስረከበ ማን ያምነዋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ ዕጩ በኮሚቴ ፈቃድ ሳይሆን በአባላት ፊርማ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ መለያ ይደረግ፤ በሁለቱም ዙሮች መካከል አባላት የሚወያዩበት በቂ ጊዜ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ቀኑንና ደንቡን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ይሁን እንጂ የሚወዳደረው ሰው አይሁን። ይህን በመጀመሪያ በማኅበራችን እንፈጽመው፤ በአገር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶችም በየትምህርት ቤታችሁና በየሠራተኛ ማኅበሩ ፈጽሙት። የራሱን ዕጩ ማቅረብ የለመደ ሰው፣ ነገ ሌላ ያበጠረለትን ስም ይዞ ሳጥን ፊት ሲያቆሙት ዝም አይልም።

ድምፅ ለሕዝብ! ወንፊቱም ለሕዝብ!