ለግልቢያ ሜዳው ጨው ሳይሆን ውሃ ይድረሰው



ልጆቻቸውን ፈረስ ግልቢያ ስለሚያስተምሩ ወገኖቻችን ባለፈው እትም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው የሜዳውን አቧራ ለመግታት ማግኒዥየም ክሎራይድ የተባለውን ጨው መበተን ርካሽና ቀላል መላ ነው ብለዋል። ሚኒሶታ ውስጥ ሴንት ፖል አጠገብ በአንድ የፈረስ ማዕከል የምሠራ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጃን ሜዳ ጉግስ ሲጫወቱ ያየ ሰው አቧራ የግልቢያ ወግ ነው ይል ይሆናል። ጃን ሜዳ ግን ገላጣ ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል። እዚህ ብዙው ትምህርት የሚሰጠው ጣራና ግድግዳ ባለው አዳራሽ ነው። አሸዋው በአብዛኛው ሲሊካ ነው፤ ኮቴ ሲደበድበው እየደቀቀ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆንና ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሠራተኛ ያስቀመጠው የዚህ ብናኝ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ፈረስ ደግሞ በአፉ መተንፈስ አይችልም። ከትምህርት በኋላ አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግለት ጨርቁ ጭቃ ይመስላል። በዚያው አየር ውስጥ የሰባት ዓመት ልጆች ይጋልባሉ።

ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ አቧራውን እንደሚይዝ አልክድም። ነገር ግን ኮቴ ያደርቃል፣ ብረት ይበላል፣ ደጅ ባለ ሜዳ ላይ ደግሞ ዝናብ አጥቦት ይሄዳል። የሚኒሶታ ብክለት ቁጥጥር ኤጀንሲ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው እንደሚበክል ይናገራል። በመንገድ ጨው ምክንያት ሚኒሃሃ ጅረት በክሎራይድ ከተበከሉት ወንዞች ተርታ ገብቷል። እኛም በበጋ እንጨምርበት?

ውሃ ይባክናል የሚሉ አሉ። እስቲ እናስላው። 20 በ60 ሜትር የሆነ ሜዳ 1,200 ካሬ ሜትር ነው፤ 5 ሚሊሜትር ውሃ ለማጠጣት 6,000 ሊትር፣ ማለትም 1,600 ጋሎን ገደማ ይበቃል። ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ የሚጠይቀው በቀን ከ10,000 ጋሎን ወይም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ጋሎን በላይ ለሚቀዳ ነው። ችግሩ ውሃው በበቂ መጠን ሜዳው ድረስ አለመድረሱ ነው። በደቂቃ 40 ሊትር በሚያወርድ ጎማ ያን ያህል ለማጠጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሞ መርጨት ይጠይቃል። ማን ይቆማል? ላይ ላዩን ብቻ የረጠበ አሸዋ ደግሞ ከሁለተኛው ፈረስ በፊት ይደርቃል።

ስለዚህ ሜዳው ራሱ ዘንድ የሚደርስ ወፍራም ቱቦ ይቀበር፤ መርጫዎች ማታ ይከፈቱ፤ ውሃው ሌሊቱን ጠልቆ ይደር። በሴንት ፖል አካባቢ የቤት መሠረት እንኳ 42 ኢንች ይወርዳል፤ የውሃው መስመር ከዚያም ጠልቆ መሄድ አለበት። ሜዳው ዳር የሚቆመው በረዶ የማይዘው ቧንቧ ቫልቩ ያለው ከመሬት በታች ነው። እጀታው ሲዘጋ በቆመው ቱቦ ውስጥ የቀረው ውሃ ከሥር ባለች ቀዳዳ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። ጎማው ሳይነቀል ከታደረ ግን ውሃው መውረጃ ያጣና በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ይህን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ማሳየት ያስፈልጋል።

በጃንዋሪ ማሞቂያ በሌለው አዳራሽ ውሃ ቢረጭ ሜዳው በረዶ ይጋገርበታል፤ እውነት ነው። ያኔ ጣራ ሥር በልክ ለሚደረግ ጨው አልከራከርም። በዚያ አሳብቦ ግን ከሜይ እስከ ኦክቶበር ጨው መበተን ምክንያት የለውም።

ወላጆች የወር ክፍያ ስትከፍሉ የሜዳው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። አዘጋጁንም የምለምነው ይህን ደብዳቤ ከበልጉ በፊት ሳይሆን አሁኑኑ እንዲያወጡልኝ ነው፤ ቱቦው የሚቀበርበት ቦይ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ መቆፈር አለበት።

አክባሪያችሁ፣
የፈረስ በረት ሠራተኛ፣ ሴንት ፖል