የተገለበጠው ማን ነው?

ሰሞኑን ፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ የረጅም ጊዜ ወዳጄ፣ ያውም ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘና ሲናገር ሰው የሚያዳምጠው ወዳጄ፣ እንዲህ አለ፦ «የእኛ አገር ሰው ደጋፊነቱ የበልግ ደመና ነው። በ2007 መቶ በመቶ መረጠ፤ በ2008 ግልብጥ ብሎ አደባባይ ወጣ፤ በ2010 እልል አለ፤ በ2013 ተሰልፎ መረጠ፤ በ2015 ደግሞ የመረጠውን መንግሥት ዓይንህን ላፈር አለው። ተገልባጭ ነው በቃ!» በጠረጴዛው ዙሪያ የነበርን ሁሉ ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ሳቁ አልዋጥልህ አለኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚያ ሳቅ ነው። (ዘመኑን የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እናገራለሁ።)

ወደ ገደለው ልግባ። ወዳጄ የቆጠራቸው ዓመታት ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ማን እንደተገለበጠ ነው።

እስቲ ድርጅቱን እንመልከተው። ኅዳር 1973 ከኢሕአፓ የተነጠሉ ጥቂት ታጋዮች ኢሕዴን ብለው ተነሡ፤ ኅብረ ብሔራዊ ነን አሉ። በ1986 ብአዴን ሆኑ፤ የአማራ ብሔር ድርጅት ነን አሉ። በመስከረም 2011 ባሕር ዳር ላይ ተሰብስበው አዴፓ ተባሉ፤ ያለፈውን እናርማለን አሉ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2012፣ ወደ ብልጽግና ገቡ፤ አገራዊ ፓርቲ ነን፣ የብሔር ድርጅት ዘመኑ አልፏል አሉ። ኅብረ ብሔራዊ፣ ብሔራዊ፣ የታረመ ብሔራዊ፣ እንደገና አገራዊ። አራት ስም፣ አራት ዓርማ፣ አራት ፕሮግራም! ዳባት ላይ ገብስና ባቄላ የሚዘራው ሰው ግን በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ መሬቴ፣ ደኅንነቴ፣ ሳልዋረድ መኖሬ። ከሁለቱ ማንኛውን ነው ተገልባጭ የምንለው?

አሁን ወደ 2007 እንምጣ። በዚያ ዓመት ግንቦት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች 547ቱንም ያዙ። አንዲትም ለምልክት አልተረፈችም። ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2008፣ የጎንደር ሕዝብ ፈቃድ ያላገኘ ሰልፍ ወጥቶ ከተማውን ሞላው። ከዚያ በፊት ሐምሌ 5 ሌሊት የወልቃይት የማንነት ኮሚቴ አባል የሆኑትን ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ የመጣው ኃይል ከተማዋን በተኩስ ቀስቅሷት ነበር። በሰልፉ ላይ የወጣው ሕዝብ ስለ ወልቃይት ብቻ ሳይሆን በኦሮሚያ ስለሚፈሰውም ደም መፈክር ይዞ ነበር። የክልሉ ፖሊስ ቆሞ አየ እንጂ አልበተነም። ለምን? በሰልፉ ውስጥ የራሱ ወንድም፣ የራሱ አጎት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ስለነበረ ነው።

ታዲያ በአሥራ አራት ወር ውስጥ መቶ በመቶ ደጋፊ የነበረ ሕዝብ ወደ መቶ በመቶ ተቃዋሚነት ተለወጠ? እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው ካለ በሬ ወለደ ቢሉትም ያምናል። የተለወጠ አመለካከት አልነበረም። ቀድሞውንም በካርዱና በቅጹ ላይ የሰፈረው አመለካከት አልነበረምና።

ስለ ቅጹ የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። አጎቴ ዳባት ወረዳ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከ1997 ምርጫ በኋላ የድርጅት አባል ሆኑ። እኔ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ ቅንጅት ቅንጅት እያለ የሚያድር ልጅ። ለበዓል ቤት ገብቼ የአባልነት ደብተራቸውን ግድግዳው ላይ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ሥር ተሰክቶ ባየሁ ጊዜ በሰው ፊት ቀለድሁባቸው። «ጋሼ፣ ጊዮርጊስን በካድሬ አስጠበቁት እንዴ?» አልኋቸው። ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ አልተቆጡም። «አንተ ደብተር የሚገዛልህ አለ፤ ለእኔ ማዳበሪያ የሚሰጠኝ ይህ ነው» ብለው ወደ በሬያቸው ሄዱ። በዚያች ቀን ያፈርሁት ቀልዱ ስላልሠራልኝ ነበር። እንደ ነውር የቆጠርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር በ1997 ወደ 760 ሺህ ገደማ ነበር። በ2000 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አብዮታዊ ዴሞክራሲን አንብቦ አመነ ማለት ነው? ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ ብድሩ፣ የሴፍቲኔቱ ስንዴ፣ የልጅ ሥራ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር ሁሉ በአንድ መስኮት የሚሰጥ በሆነበት አገር፣ አንድ ለአምስት ተጠርንፎ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚገመግምበት ቀበሌ፣ አባል አለመሆን አቋም ሳይሆን ቅንጦት ነበር። ቅንጦቱን የቻልነው እኛ ከተሜዎቹ ነን። ስለዚህም ይመስለኛል እንደ ጀግንነት የምንቆጥረው።

እዚህ ላይ የፈረንጁን አገር ብጠቅስ አንባቢ አይቀየመኝም። የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ በፈረንጅ 1997 ቶኒ ብሌር ሥልጣን ሲይዙ 400 ሺህ ገደማ አባላት ነበሩት። በ2003 የኢራቅ ጦርነት መጣ፤ ለንደን አይታው የማታውቀው ሰልፍ ወጣ፤ ካርዱን የሚመልሰው አባል በዛ፤ አሥርቱ ዓመት ሲያልቅ ከ200 ሺህ በታች ወረዱ። ጄረሚ ኮርቢን ሲመጡ ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆኑ፤ እሳቸው ሲሄዱ እንደገና ቀነሱ። በ2024 ፓርቲው ሲሦ ገደማ በሆነ ድምፅ ከ400 በላይ ወንበር አገኘ። የሰሜን እንግሊዝ የማዕድን መንደር ነዋሪ በ2019 ለወግ አጥባቂዎቹ ድምፁን ሰጥቶ በ2024 ቢመለስ ማንም ባሕርዩን አይመረምርም፤ ጋዜጦቹ «ፓርቲው ምን አጥፍቶ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚያ ካርድ የመለሰ ሰው የሚቀርበት የፓርቲው ደብዳቤ ነው። ዳባት ላይ ግን ካርድ የመለሰ የሚቀርበት ዩሪያ ነው። ይህን ልዩነት ሳያዩ የሁለቱን «ደጋፊ» በአንድ ሚዛን መመዘን ከምሁር አይጠበቅም።

ይሁንና ለወዳጄ አንድ ነገር ልመንለት፤ የ2010ሩ እልልታ እውነተኛ ነበር። ያ ማዳበሪያ የገዛው ድጋፍ አልነበረም። በየካቲት ኮሎኔሉ ከአንገረብ እስር ቤት ሲወጡ፣ በግንቦት አንዳርጋቸው ጽጌ ሲፈቱ፣ ስደት ላይ የነበረው ተቃዋሚ ሁሉ ሲመለስ፣ ሰው ከልቡ ነበር የወጣው። ለመጀመሪያ ጊዜ የብአዴን አባል መሆን በጎንደር ጎዳና ላይ የማያሳፍር ነገር ሆኖ ነበር። አጎቴ ራሳቸው በስልክ «አሁንስ ካርዱን በሰው ፊት ላወጣው ነው» ያሉኝ ያኔ ነው። ያው በጎን አብን በሰኔ ተመሥርቶ ወጣቱን መሳብ ጀምሮ ነበር፤ ግን በአንድ ቤት ውስጥ አባት የአዴፓ፣ ልጅ የአብን ደጋፊ ሆነው ማዕድ የሚቆርሱበት አጭር ጊዜ ነበረን። እኔ በዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ ፖለቲካ በዚህ አገር አላየሁም።

ምን አደረጉበት? ሰኔ 15 ቀን 2011 ባሕር ዳር ላይ የክልሉ ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው በገዛ ወገኖቻቸው እጅ ተገደሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ጄኔራል አሳምነው ጽጌም ተገደሉ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ለቅሶ ተቀመጠ፤ አንዱ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው፤ ለቅሶ ደራሹም ከየትኛው ደጅ እንደሚገባ ግራ ገባው። ዛሬ ድረስ ስለዚያ ቀን ከድርጅቱ ለተራው አባል የተሰጠ የሚያጠግብ መልስ የለም። ሰው እንባውን ሳይጠርግ ድርጅቱ ፈረሰና ብልጽግና ሆነ። ጉባኤ ተጠርቷል፣ እጅ ወጥቷል፤ አልክድም። አጎቴ ግን የድርጅታቸውን መሞት የሰሙት ከሬዲዮ ነው።

እንዲያም ሆኖ አልተገለበጡም! በጥቅምት 2013 ጦርነት ሲመጣ የሰሜን ጎንደር ገበሬ ከመንግሥት ጎን ቆመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፎ መረጠ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ የሕወሓት ታጣቂዎች ዳባት ወረዳ ጭና ሲደርሱና በመንደሩ ያንን ግፍ ሲፈጽሙ፣ ገበሬው አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ ከሠራዊቱ ጎን ወደቀ። አገር ሲጠራው ያልቀረ ሰው ስንት ጊዜ ነው ታማኝነቱን የሚያስመሰክረው?

ከዚያ ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ውል ተፈረመ። ሰላሙን የጠላ ገበሬ አላውቅም፤ የጦርነትን ዋጋ እርሱ ነው የሚከፍለው። ነገር ግን ስለ ጭና የጠየቀው አልነበረም፤ ስለ ወልቃይት የነገረው አልነበረም። ወራት ሳይቆይ፣ በመጋቢት መጨረሻ፣ የክልሉ ልዩ ኃይል ይፍረስ ተባለ። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችል ይሆናል፤ በአንድ አገር አንድ ጦር መኖሩ ክፋት የለውም። ግን ትናንት አብሮህ የተዋጋውን ሰው ሳታማክር ትጥቅህን አምጣ ማለት ምን ዓይነት ፖለቲካ ነው? በዚያው ክረምት ማዳበሪያ ጠፋ። አያችሁ፣ ድጋፉን ለዓመታት የገዙበትን ዕቃ እንኳ ማቅረብ አቃታቸው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተኩሱ ጎንደር ከተማ መሐል ገባ። የሆነውን የምንኖርበት ሰዎች እናውቀዋለን፤ አልደግመውም።

የመሪዎቹን ግልበጣ ደግሞ እንቁጠር ከተባለ ወረቀት አይበቃም። ለዓመታት የክልሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ገዱ አንዳርጋቸው በነሐሴ 2015 በፓርላማ ቆመው የራሳቸው ፓርቲ መንግሥት ያቀረበውን አዋጅ ተቃወሙ። ደፋር ንግግር ነበር፤ አመሰግናቸዋለሁ፤ ግን የት ቆይተው ነበር? አቶ በረከት ስምዖን ለድርጅቱ ዕድሜያቸውን ሰጥተው በድርጅቱ ታግደው፣ በጥረት ጉዳይ ተከሰው በ2012 ተፈረደባቸው፤ ትናንት አብረዋቸው እጅ ያወጡ ሰዎች ዝም አሉ። አብንን ተመልከቱ፤ በ2015 መጨረሻ የፓርቲው ሊቀመንበር በለጠ ሞላ በሚኒስትር ወንበር፣ የፓርላማ አባሉ ክርስቲያን ታደለ በእስር ቤት ነበሩ። የአብን ደጋፊ የሆነ ልጅ በዚያ ቀን ምን ይሁን? ሚኒስትሩን ይከተል ወይስ እስረኛውን? የትኛውንም ቢመርጥ በእናንተ ቋንቋ «ተገልባጭ» ነው። በግንቦት ሰባት ስም በሰሜን ጎንደር በረሃ ልጁን የቀበረ ቤተሰብስ? ድርጅቱ በ2011 ኢዜማ ውስጥ ከሰመ፤ መሪው በ2014 የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ ለዚያ ቤተሰብ ግን መጥቶ የተናገረ ሰው እኔ አላየሁም።

አንዳንዱ አንባቢ «አባላቱስ አልበሉም ወይ?» ይለኛል። በልተዋል። በአባልነት ስም ቦታ የተመሩ፣ ጎረቤታቸውን ያሳሰሩ፣ በግምገማ ሰው ከሥራ ያስባረሩ አሉ፤ እነርሱን ለመከላከል ብዕሬን አላነሣም። ትናንት በአዳራሽ ሲያጨበጭቡ ኖረው ዛሬ ከሁሉ በላይ ተቆርቋሪ የሆኑትንም አውቃቸዋለሁ፤ ጥቂቶቹ የቡና ጓደኞቼ ናቸው። ግን አስተውሉ፤ እነዚህ ከታች ያሉት ገበሬዎች አይደሉም። የተማሩት ናቸው። እኛ ነን። በ1997 ቅንጅት፣ በ2002 ለሥራ ብለን አባል፣ በ2008 በፌስቡክ ታጋይ፣ በ2010 ለውጥ ደጋፊ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ አየሩ። እያንዳንዱን ጊዜ በጽሑፍ የሚያጸድቅ ቋንቋ ስላለን መገልበጣችን «የአቋም ማሻሻያ» ይባላል፤ ቋንቋው የሌለው ሰው መገልበጥ ብቻ ይባላል።

አሁን ደግሞ የማየው ሌላ ነገር አለ፤ ዝም ብለው ያላለፍኋቸው ሰዎች ስለሚቆጡኝ ይቆጡኝ። አንዱ ወገን ጥያቄ ያነሣውን ጽንፈኛ ይለዋል፤ ሌላው ወገን ጥያቄ ያነሣውን ባንዳ ይለዋል። ሁለቱም ገበሬውን መዋጮ ይጠይቁታል። ሁለቱም ቅጹን ሞልቶ እንዲፈርም እንጂ ምን እንደሚያስብ እንዲናገር አይፈልጉም። እንግዲህ በዚህ መሐል ለቆመ ሰው ነው «አቋምህ የታለ?» የምንለው።

ያን ማታ ከቡና ቤቱ ተመልሼ ወደ አጎቴ ደወልሁ፤ ከስንት ሙከራ በኋላ ተሳካልኝ። ስለ ደብተራቸው ጠየቅኋቸው። «አለ፤ ከጊዮርጊስ ሥር አንሥቼ ሳጥን ውስጥ ከግብር ደረሰኙ ጋራ አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ። የቀለድሁባቸውን ቀን ያስታውሱ እንደሆነ ልጠይቅ ስል አቋረጡኝና «ልጄ፣ ማዳበሪያ ጎንደር ገብቷል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉ።

አጣርቼ እደውላለሁ አልኋቸው።

ቸር እንሰንብት።