ስለዳነችውም እናውራ

ይድረስ ለሆስፒታሎቻችን ሜዲካል ዳይሬክተሮች፣ ለሜትረኖችና ተረኛ ለምትመድቡ የክፍል ኃላፊዎች፤

በማዋለጃ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የደመወዝ ጥያቄያችን ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ከእናንተ በላይ ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ በእጃችሁ ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ተረኛ ድልድሉ፣ ስለ ርክክቡና ሞርኒንግ ስለምንለው የጠዋት ስብሰባ።

ኢንተርኑ ጠዋት ገብቶ ሲሠራ ይውላል፣ ዲዩቲ ያድራል፣ በማግስቱ ራውንድ ላይ ይቆማል፣ ከሰዓትም ካርድ ሲጽፍ ይገኛል። ከ24 ሰዓት በላይ አለፈ ማለት ነው። «እኛም አልፈንበታል» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አልፋችሁበታል። ንጋት ላይ የመድኃኒት መጠን ሁለት ሦስት ጊዜ አስልታችሁ ራሳችሁን አለማመናችሁንም ግን አትረሱትም። እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። ሲከታተሏት የነበሩት ረጅም ተረኛነት ላይ የነበሩ ጀማሪ ሐኪሞች ነበሩ። አባቷ ዝም አላለም፤ በ1989 ግዛቱ የሬዚደንቶች ሥራ በሳምንት ከ80፣ በተከታታይ ደግሞ ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ። 80ውም ቢሆን ብዙ ነው፤ ቢያንስ ግን ወሰን አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን ሲተረጉም ከበሽታዎች ጋር አልመደበውም። በአግባቡ ሳይያዝ የቆየ የሥራ ጫና ውጤት ነው ያለው። ምልክቶቹም አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መራቅና «የምሠራው ፋይዳ የለውም» ማለት ናቸው። ሁለተኛውን በየቀኑ አየዋለሁ። ምጥ ላይ ያለችን ሴት ወገቧን እያሸች «አይዞሽ እናቴ» ትል የነበረች ጓደኛዬ ዛሬ «ዝም በይ!» ብላ ትጮህባታለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ የምትሰጠው አልቆባት ነው። እናንተ ግን ለቅሬታው ማስጠንቀቂያ ትጽፉላታላችሁ፤ ስንት ሌሊት በተከታታይ እንዳደረች የሚጠይቅ የለም።

ሦስተኛውን ምልክት ደግሞ በአሠራራችን ራሳችን እናመጣዋለን። የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ ሥርዓት በአገራችን ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። መርሁ ማንንም አለመውቀስ፣ የጎደለውን ፈልጎ ማስተካከል ነው። መልካም ሥርዓት ነው፤ በየክፍሉ ሲተገበር ግን ብዙ ጊዜ ተጠያቂ ፍለጋ ይሆናል። ደሙ ለምን እንደዘገየ ከመጠየቁ በፊት ተረኛዋ ለምን እንደዘገየች ትጠየቃለች።

የዳነችውስ? ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ያለች እናት በሌሊት ትገባለች። አንዷ ማህፀኗን ታሻለች፣ ሌላዋ ሁለት መስመር ትከፍታለች፣ ኦክሲቶሲን ይሰጣል፣ ኢንተርኑ የደም ናሙና ይዞ ወደ ላብራቶሪ ይሮጣል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ደጅ የቆሙትን ቤተሰቦች ታረጋጋለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደም ግፊቷ ይመለሳል። ጠዋት ሞርኒንግ ላይ «አንድ ፒፒኤች፣ ተረጋግታለች» ተብሎ ይታለፋል። ኢንተርኑ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ መሄዷን እንኳ አይሰማም። የሞተች ጊዜ ግን ሁላችንም እንሰማለን። እንዲህ እየሆነ ሲቀጥል ባለሙያው ያቃተውን ብቻ እያወቀ፣ የቻለውን ሳያውቅ ያረጃል።

ተስፋዬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያን ሌሊት ደሙ እንዴት ቶሎ ደረሰ? ማን ማንን ጠራ? የትኛው መድኃኒት በቦታው ተገኘ? ይህን ብንጠይቅ በሚቀጥለው ሌሊት ምን እንደምንደግም እናውቃለን። ከሞት ግምገማ ያላነሰ ትምህርት አለው፤ በጀትም አይጠይቅም።

ባለሙያ ያንሰናል ትላላችሁ። አውቃለሁ፤ ለሦስት የታሰበ ሥራ ለብቻዬ ይዤ አድሬያለሁ። እጥረቱ ግን ያለንን ሰው ለመጨረስ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ በዚህ አሠራር የተማረሩት ሲለቁ እጥረቱ ይብሳል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ወር ድልድል ስታወጡ፣ ያደረ ሰው አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ሰዓት ጻፉበት፤ ሲደርስም ራሳችሁ አስወጡት። ርክክቡ በሩጫ ሳይሆን አልጋ በአልጋ ይሁን። ሞርኒንግ ላይም ከዳኑት የአንዷን ታሪክ አቅርቡ፤ ያደሩትም ገና ሳይወጡ ይስሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ